የጋት እንጨት

ከኋላው የሰሃም ባሕር፣ ከፊቱ የሐጀር ተራራ፣
መሃሉ የሰይፍ እርሻ፤ ያረጀ የአትክልት ስፍራ።
ቴምሩ ለልጆቹ፣ ሎሚው ለጎረቤት፤
ሽንኩርቱ ግን የራሱ ነው፤ የእልሁ፣ የቁጭቱ ቤት።

ዓመት ዓመት ይተክላል፣ ዓመት ዓመት ብይ ያፍሳል።
«ዘሩ ነው» ይላል ኸልፋን፤ ልጁ ነው፣ ዘር ይወቅሳል።
«ጨው ነው» ይላል ሩሁል፣ ጎማውን እየጎተተ፤
ማዳም ሸምሳ ከመስኮት፦ «ገበያው ሞልቶ ሳለ ሰው ለምን ተንገላተ?»

እኔ ሳህን አጥባለሁ፤ እየሰማሁ እንዳልሰማ።
የመቂ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እኩል አራሽ፣
ውሃ ተራ ጠባቂ በጨለማ።
ሽንኩርት ሲከፋው አውቃለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ አፌ አመለጠኝ፤
በስብርባሪ ዐረብኛ፣ የጎደለውን በእጄ፦
«ባባ፣ ዘሩ አይደለም። ዘገያችሁ።
ሽንኩርት ቀን ያያል። ቀኑ ረዘም ሲል
ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ራሱን ይቋጥራል፤
ስንት ቅጠል አለህ ብሎ የሚጠብቀው የለም።
አንድ ቅጠል አንድ ድርብ ነው፤
አራት ይዞ የተደረሰበት፣ አራት ለብሶ ይቀራል።»

ሩዙ ላይ የቆመ እጅ ብቻ።
«ብንቀድምስ?» አለ ኸልፋን።
«ከቀደመ ብርዱ ጎርምሶ ያገኘዋል፤
የደረሰ መስሎት ያብባል።
አበባው ያምራል። ታቹ እንጨት ነው።»
ይህን ስል ድምፄ ለምን እንደቀጠነ እንጃ።

ሰይፍ ቀኑን በሱሃይል ኮከብ ነው የሚቆጥረው፤
እኔ ሱሃይልን አላውቅ፣ እሱ ጥቅምትን አያውቅ።
በጣት ቆጠርን፤
ኮከቡ በወጣ በስልሳኛው ቀን
ከኔ የጥቅምት ሚካኤል ላይ ገጠመ።

ችግኙ እርሳስ ሲያክል መደቡን ተካፈልን።
ሩሁል በሁለት ጣት ሰገሰገው፤
የሚያድርባት ክፍል ዘጠኝ አልጋ አላት፣
ሁሉም ነገር እንደሚጣበብ ያምናል።
ኸልፋን ስንዝር በስንዝር፤ ሰፊ ግቢ ያሳደገው።
እኔ በጋት፤ አራት ጣቴን ገጥሜ፣ አውራ ጣቴን አጥፌ።

«የማን ጋት?» አለ ሽማግሌው፣
የሩሁልን መዳፍ ከመዳፌ አጠገብ አይቶ።
ከቴምር ዝንጣፊ እንጨት ቆረጠ፣
አራት ጣቴን አስተኝቶበት ጫፍና ጫፉን በቢላዋ ጫረ፤
«ዳኛው ይህ ነው» አለ።

መጋቢት ላይ ቅጠሉ ተኛ፤ ነቀልን።
የሩሁል መደብ በጆንያ አሸነፈ፣
ግን ላንድ ወጥ ስምንት ይላጣል፣ ዓይን ያልቃል።
የኸልፋን ቡጢ ያክላል፤
አንዳንዱ መንታ፣ አንገቱ የኮርማ፣
ግንቦት ሳይጠባ በሰበሰ።
የኔው ከብርቱካን ጥቂት ቢያንስ ነው፤
እስከ ሐምሌ ተሰቅሎ ቆየ።
ማዳም ሸምሳ ሁላችንንም አላሳፈረችም፤
ትንንሹን በኮምጣጤ ነከረችው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ሚካኤል፣
እንጨቱን ከሼዱ አውጥቼ እጄን አሳረፍሁበት።
ትንሿ ጣቴ ከጭረቱ አለፈች።
በጥፍር ወርድ።

ሰይፍ አየ።
ፓስፖርቴ ሃያ ስድስት ይላል፤ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው።
አሥራ አንድ ልጅ ያሳደገ ሰው ነው፤
የሃያ ሦስት ዓመት ሴት እጅ
ከዚያ ወዲያ እንደማያድግ ያውቃል።
ስትመጪ ስንት ነበርሽ፣ አላለኝም።
አሥራ አራት፣ አላልሁትም።
ጎማውን ከፈተ፤ ውሃው እስኪመጣ ቆምን።

«አዲስ እንቁረጥ?» አልሁት።
«አይሆንም፤ ሽንኩርቱ የለመደው ያችን እጅ ነው።»
እንጨቱን ተቀበለኝና ጎንበስ አለ፤
በዚያች ልጅ ጋት እየለካ
ይተክል ጀመር።