ለፍሬን ፈተና

ከመተማ በኩል፣ በሎቤድ ተጭና፣
ሸራ ተገንዛ፣ እንደ አስከሬን ሆና፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከጊቢያችን ደረሰች።
እንዳላማው ወርዶ ገመዱን ሲፈታው
የባጃጅ ሰልፈኛ ተራውን ረሳው፤
የአይሱዙው ሾፌር ሲጋራው ጣቱን ፈጀው።
ቀይ ናት፣ ጠፍጣፋ ናት፣ ሆዷ መሬት ነክቷል፤
በሯ ላይ በነጭ «አርባ አንድ» ተጽፏል።
«ይኼ ታርጋዋ ነው?» አለኝ አንድ ልጅ።
«አይ፣» አልሁት፣ «ያ ስሟ ነው፤
ታርጋማ እኔ ነኝ የምሰጣት እንጂ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ከዚህ ወንበር ላይ
ሻንሲ ስመዘግብ፣ ጭስ ስለካ፣ ዘይት ሳይ፣
እንደዚያ ቀን ቅጹ ጠቦኝ አያውቅም።
የመቀመጫ ብዛት? አንድ።
የጭነት ልክ? ያንኑ አንዱን ሰው።
የአገልግሎት ዓይነት?
«ለመቅደም» አለ እንዳላማው፣
ፈገግ ሳይል፣
የእናቱን ስም እንደተጠየቀ ሰው።
«ማንን?» ብዬ ጠየቅሁ።
ዝም አለ። በእርሳስ «የግል» ብዬ ጻፍሁ።

ጣልኋት።
ክላክስ የላት፣ ፍሬቻ የላት፣ ስፖኪዮ የላት፤
ማርሚታዋ ሲያጓራ የዘበኛው ውሻ ሸሻት።
ሠሪዋ «ከኋላ ማን አለ?» አላለም፤
ወደ ኋላ ማየት በእሷ አገር የለም።
እዚህ ግን፣ ወንድሜ፣ ሁሉም ነገር ከኋላ ነው፦
ግንቡም፣ ዕዳውም፣ አህያውም።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች፤
ከተማው ያዋጣላት ድሀ ትመስላለች።
ክላክሷ ከባጃጅ፣ ፍሬቻዋ ከላዳ፣
ስፖኪዮዋ ደግሞ፣ አውቶ ፓርኮ ሜዳ
ሣር ከበቀለበት ከአንድ ኤንትሬ ሬሳ።
ሁለተኛው ወንበር የሚኒባስ ነበር፤
ጀርባው ላይ «ሒሳብ ወዲህ» የሚል ጽሑፍ ቀርቶበታል።
«ማን ሊቀመጥበት ነው?»
«ዳሳሽ» አለኝ። ሚስቱ ናት።
«አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና
ስሟ ሌላ ነው፣ ብላኛለች።»

የቀረው የፍሬን ፈተና ነው።
ደንቡ ግልጽ ነው፤ መርማሪው ራሱ ይንዳው።
በአዘዞ መንገድ፣ ጎህ ሳይቀድ፣
ብቻዬን ገባሁ፤ ወገቤ ተጣጥፎ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር።
እስቲ ፍረዱኝ፦
ሳይሮጡበት ፍሬን እንዴት ይታወቃል?
የማይፈጥን ሁሉ መቆምማ ያውቃል።
ረገጥሁት።
ባሕር ዛፉ አጥር ሆነ፤ አጥሩ ክር ሆነ፤
ማኅተሜ፣ ፋይሌ፣ የደም ግፊት ክኒኔ
ወደ ኋላ በነነ።
ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም፤
አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።
ከድልድዩ በፊት ፍሬኑን ነካሁ፤
እሷ ቆመች፤
እኔ ትንሽ አለፍሁ።

ቅጹ ላይ «ፍሬን፦ ይይዛል» ብዬ ጻፍሁ።
ሌላው አልተጠየቀም።
ቦሎ ለጠፍሁላት፤ ኮድ ሁለት፣ «አማ»፣
ታርጋዋን በራሴ ካቻቢቴ አጠበቅሁ።
«አርባ አንድ» እንዲፋቅ ደንቡ አይልም፤
እኔም ዝም አልሁ።

ትናንት ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ አየኋት።
ቀብር ይወርዳል፤
አንድ ሽማግሌ አስፋልቱን በዱላው እየመረመረ፣
ሰልፉ በእሱ እርምጃ ልክ ተመትሮ።
ከሁሉም ኋላ እሷ ናት፤
ድምፅዋን ውጣ፣ በአንደኛ ማርሽ፣
የላዳ ፍሬቻዋ ብልጭ ድርግም ሲል።
እንዳላማው መሪውን በሁለት እጁ ይዟል፤
ዳሳሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ
ከ«ሒሳብ ወዲህ» ወንበር ላይ ተቀምጣለች።
አንድ ባጃጅ ከኋላ መጣ፣ በኤንትሬው ስፖኪዮ ታየ፣
ዳሩን ይዞ ቀደማት።
እንዳላማው ዝም አለ፤ እሷም ዝም።
የእኔ ቀኝ እግር ግን፣ ቆሜ ባለሁበት፣
በጫማዬ ውስጥ፣
አስፋልቱን ተጫነው።