ማብሪያ ማጥፊያ

የሳሎኑ ብቻ አርባ ስምንት አምፖል ነው፤
ቁጥሩን የማውቀው እኔ ነኝ፣ መሰላል ወጥቼ የምወለውለው።
ገና አሁን ጠፍቶ እንኳ ጣት ያቃጥላል፤
ከታች ማዳም ሸይማ "ሽዋይ፣ ሽዋይ!" ስትል፣ ላቤ ክሪስታሉ ላይ ይንጠባጠባል።
ደጅ ያለው የሙሐረቅ ነሐሴ፣ ቤት ያለው የአምፖል እሳት፣
ማቀዝቀዣው ያጓራል ያንኑ ሙቀት ለማጥፋት፤
አንዱ ያሞቃል፣ አንዱ ያበርዳል፣ እንደ ጣውንት ተያይዘው፣
ቆጣሪው ደጅ ቁጭ ብሎ የሁለቱንም ይጽፋል፣ ምን ጨነቀው።

በዚህ ቤት መብራት የሚያጠፋ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፣
እኔና ባባ ጁምዓ፤ እሱ ደግሞ ዓይነ ስውር።
በከዘራው እየዳበሰ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣
ማታ ማታ ይዞራል፣ የክፍሉን ሁሉ በር አልፎ፤
ቀጭ! መታጠቢያ ቤት።
ቀጭ! የልጆቹ ኮሪደር።
"አንተ አታይ፣ ባባ፣ ቢበራስ ምን ቸገረህ?" ሲሉት፣
"ባላየው እሰማዋለሁ፤ ያቃስታል" ይላል፣ "ሲያነዱት።"
መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ሙቀቱን ይመዝናል፤
"ይኼ በርቷል" ካለ፣ በርቷል።

አባቱ ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤ ለቤቱ አንድ ፋኖስ ብቻ፣
እንግዳ ሲሸኝ ትጠፋለች፤ ጨለማው ነበር የጨዋታ መክፈቻ።
እኔም በተሰባበረ ዐረብኛ የሐርቡን ላምባ ነገርኩት፣
በጠርሙስ ክዳን እየሰፈርን እንዴት እንደምናነደው፤ አሳቅሁት።

የሐምሌው ሒሳብ መጣ።
ፈይሰል ስልኩ ላይ አነበበው፤ ዝም አለ፤ ደግሞ አነበበው።
"ማነው የሚያበራው?" የቤቱ ዓይን ሁሉ ዞሮ ፊቴን ለበለበው።
ባባ ወለሉን በከዘራው መታ፦ "እሷማ አጥፊ ናት!"
(በዐረብኛ መሆኑ በጀኝ፤ በእኛ አፍ ቢሆን ክስ ናት።)
ያኔ ወረቀቴን አመጣሁ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ የጻፍኩት፤
ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ አርባ ስምንት ጊዜ አርባ ዋት፣ በቀን ዐሥር ሰዓት፣ ደመርኩት፤
ዐሥራ ሰባት ዲናር በወር ይበላል አንድ ጌጥ፣ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ፤
የእኔ ደሞዝ ዘጠና ነው። አልተናገርኩም፤ ቁጥሩ ራሱ ተናገረ፣ ጎላ ብሎ።

ቢጁ መጣ፣ ኬረላዊው፣ አንድ ካርቶን ኤልኢዲ ተሸክሞ፤
በአርባ ዋቱ ፋንታ አራት ዋት፤ ከዙህር በፊት ጨረሰው፣ መሰላሌ ላይ ቆሞ።
የቆጣሪው ቀይ ነጥብ ርግብግቡ ረገበ፤
ዐሥራ አምስት ዲናር ተረፈ። የእኔ ደሞዝ? ያው ዘጠና፤ አልታሰበ።

አሮጌዎቹን ለምኜ ወሰድኩ፣ ለአገር ቤት ጭነት።
ለይማም ደወልኩለት፤ ወንድሜ ሳቀ፣ ሳል እስኪያፍነው፣ በእውነት፦
"አምፖል ሳይሆን በላተኛ ነው የምትልኪው! ካርድ ማን ይሞላለታል?
እኛ ጋ አንዷ አለች፤ በግድግዳው ቀዳዳ ለሁለት ክፍል ታበራለች፤ ይበቃናል።"
ያቺን ቀዳዳ ረስቻት ኖሯል።
በወዲህ እኔ የቤት ሥራ ስሠራ፣ በወዲያ ጥጃዋ ስታመነዥግ፣
አንድ ብርሃን ለሁለታችን፣ ማንም ሳያጉረመርም፣ ማንም ሳያሳድግ።
ካርቶኑን ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ ተውኩት፤ ማንም አላነሳውም።

አሁን ቤቱ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው፤ አያቃስትም፣ አይግልም።
ባባ ጁምዓ ኮሪደሩ መሃል መዳፉን ዘርግቶ ይቆማል፤
ምንም አይደርሰው። ይጠብቃል።
"ሰዓዳ፣ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?"

አንዳንዴ በርቶ ነው።
"ጠፍቷል፣ ባባ፤ ግባና ተኛ" እለዋለሁ።
በሩን እስኪዘጋ ቆሜ፣
ቀጭታዋን እንዳይሰማ ጣቴን አለስልሼ፣
አጠፋዋለሁ።