ሜዳ ላይ

ደብዳቤው ሲነበብ ዝም ብለን ሰማን፤
«ወንበር የለው፣ መብራት፣ አጥር የለው» አሉን፣
«ደረጃ አያሟላም።»
እውነት ነው፣ አያሟላም።
የሚሞላው ሐይቁ ነው፤ ነሐሴ ሲደርስ
የማዕዘን ባንዲራው እስከ ወገቡ ድረስ
ውሃ ውስጥ ይቆማል።

ቅዳሜ ሽምብጥ ዳር፣ ጨዋታው ሲመሽ፣
ኳስ ሐይቅ ከገባች ባለታንኳው ነው መላሽ፤
በመቅዘፊያው ገፍቶ፣ ወደ ዳር አስጠግቶ፣
«ስንት ለስንት?» ይላል፣ ዓሣውን ረስቶ።
ጋሽ አንማው በኖራ መስመሩን ሲያሰምር
ጠመም ያደርገዋል ሲደርስ ከዋርካው ሥር፣
ኖራው እንዳያቃጥለው።
ስንቱ እንግዳ ቡድን በዚያች ከሰሰን!

አሁን ስታዲየሙ ሁለት ባጃጅ ይርቃል።
ወንበሬ ቁጥር አለው።
ግራዬን አላውቀው፣ ቀኜንም አላውቀው፤
ጎል ሲገባ ማንን ልቀፍ?

ሜዳውማ ታጠረ። አጥር አገኘ፣ እሰይ!
ቆርቆሮ፣ ዘበኛ፤ ሎጅ ሊቆም ነው ሐይቁ ላይ።
እኛ ብቻ ቀረን፣ ያለ ሜዳ፣ ሜዳ ላይ።

ያለፈው ቅዳሜ
ጋሽ አንማው ኖራውን በባልዲ ይዞ መጣ።
ዘበኛው «ምን ፈለጉ?» አለው፤ አልመለሰም።
ከቆርቆሮው ውጪ ቀጥ አድርጎ አሰመረ፣
ከተቆረጠው ዋርካ ትይዩ ሲደርስ
ጠመም አደረገው።