ማብረጃ

ዝናብ ኦስትራቫን ሲወቅጣት፣ ጥላሸት ጥላሸት ሲሸት፣
ታክሲዬን ደጁ ላይ አቁሜ ገባሁኝ ከመሣሪያ ጠጋኙ ቤት።
ቦሁሚር ይባላል፤ ሰባ ዓመት አልፎታል፣
ሲያነጥስ ሳይቀር የብረት ዘይት ይሸታል።
ፈቃዴን ገልጦ አየና «ምን አግኝቶሽ ነው?» አለኝ።
«በጥር» አልኩት፣ «አንድ ተሳፋሪ፣ ከፖሩባ ወዲያ፣
በገዛ ሻሌ አነቀኝ፣ ለአንድ ሳህን ሾርባ መግዢያ።»
አልሳቀም፤ አላዘነም። ጥቁር ጨርቅ ዘረጋና
ሁለት ሽጉጥ አኖረ፣ መዳፍ የማይሞሉ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸውና።
ልዩነታቸው አንዲት ምላስ ናት፣ ጥፍር የምታህል፣
ከመያዣው በላይ፣ በስተግራ በኩል።

«ይህቺ» አለ «ቁልፍ ናት። ሽቅብ ስትገፊያት
ቁጣው እንደ ተነሣ ይቆማል፣ መዶሻው እንዳፈጠጠ፤
ታሰረ እንጂ አልበረደም፤ ልቡ አልተለወጠ።
ቁልቁል ስታወርጂያት ግን ሁሉም ጥይት ቀላል ነው፤
የፊተኛውም እንደ ኋለኛው፣ ምላጩን ነካ ነው።
መክፈቱን ካልረሳሽ። የደነገጠ ሰው ብዙ ይረሳል፤
ከተቆለፈ በር ጋር የሚታገል ስንቱን ዓይኔ አይቷል።

«ይህቺኛዋ ማብረጃ ናት። ስትጫኛት መዶሻው
ዝቅ ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌ እንደ ለመነው።
ጥይቱ ከቤቱ አይወጣም፤ ቁጣው ብቻ ይወርዳል።
ቁልፍ የላትም። የሚጠብቅሽ የምላጩ ክብደት ነው፤
የመጀመሪያው ስበት ረጅም ነው፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ ገመድ፣
መሐል ላይ ሐሳብ ለመለወጥ የሚበቃ መንገድ።
ሁለተኛው ቀላል ነው። ሁለተኛ ነገር መቼ ይከብዳል?»

«ግራኝ ነኝ» አልኩት። ዝም አለ።
ለእኔ ምላሷ ከአውራ ጣቴ ማዶ ነች፤
መቀስ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ ማርሽ፤
ዓለም ለቀኝ እጅ ተሠርታ አለቀች።
ያም ሆኖ አውራ ጣቴን ቁርጥማት ይበላዋል፣ በበጋም።
«እንግዲያስ» አለ «ቁልፏ በጭንቅሽ ሰዓት ነው የምትፈልግሽ።
ማብረጃዋ ግን ጭንቁ ሲያልፍ፣ እጅሽ መንቀጥቀጡን ሲያቆም፤
ያኔ በቀኝሽም ትችያለሽ፤ የሚያጣድፍሽ የለም።»

«አንተስ የቱን ትይዛለህ?»
የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አነሣ። ቀዳዳ።
«ማብረጃ በሌላት ሽጉጥ፣ በአውራ ጣቴ ይዤ ላወርድ ስል
ዘይቱ አዳለጠኝ። ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊዋ የሊቡሼ ክፍል።
ልብስ የምትለካባት የእንጨት ሴት ነበረቻት፣ ራስ የሌላት፤
ልቧን አገኘኋት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ስንገናኝ ‹እሷስ እንዴት አደረች?› እላለሁ፤
ሊቡሼም ‹አልተኛችም› ትለኛለች። እኔም አልተኛሁ።»

ሁለቱንም ባዶ ባዷቸውን ጨበጥኩ፣ ተራ በተራ።
ቁልፏን ስነካ ግን እህቴ መጣችብኝ፣ ድራሆሚራ፤
ኦፓቫ ያለችው፣ በእናታችን ቤት፣ በአንድ ቁም ሣጥን ሰበብ
ሦስት ዓመት ቆልፌ የያዝኳት፣
መዶሻው እንደ ተነሣ።
ደኅና ነበርኩ፤ ማንንም አልመታሁ፤ ጸሎቴንም አደርሳለሁ።
ግን ስሟን በጠሩብኝ ቁጥር ጣቴ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ማብረጃዋን ወሰድኩ። ዋጋዋ ይቆጠቁጣል።
ቦሁሚር መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ብዕሩ ይንቀጠቀጣል፤
ወይ እሱ።

ታክሲዬ ውስጥ፣ ሣጥኑን ከወንበሬ ሥር አድርጌ፣
ስልኬን አወጣሁ። የኦፓቫውን ቁጥር ስምንት አኃዝ ነካሁ፣
ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ።
ረጅም ስበት ነው። መሐሉ ላይ ብዙ ቦታ አለ።
የመስታወቱ መጥረጊያ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ።
አንዱ ራሱን በኮቱ ሸፍኖ መስኮቴን አንኳኳ፤
«ባዶ ነው?»
የኋላውን ወንበር አየሁ፤ ሣጥኑን በተረከዜ ገፋ አደረግሁ።
«ባዶ ነው» አልኩት። «ግባ።»