ወንድ ናት

ከካርሶ አምባ ወርዶ ባሕሩን ሲገርፈው፣
ቦራ ይሉታል ነፋሱን፤ ትሪየስቴን ሲያራግፈው
ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ፕሮፌሰሩ ሳይቀር
ገመድ ይዞ ያልፋል በመንገዱ ዳር።
ቦራ ሴት ናት አሉኝ በነሱ ሰዋስው፤
እንግዲህ በሴት ነው እዚህ የሚወድቀው ሰው።
(እኔንም ጥላኛለች፤ ጉልበቴ ይመሰክራል።)

ረቡዕ ነው፤ ምሳ ሰዓት፤ መስኮቱ ይጮሃል፤
አራት ሴቶች፣ አንድ ጠረጴዛ፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል።

ሩሚያና ከፕሌቨን፦ «በኛ አገር» አለች፣
«ፊዚክስ የእናቴ ነው፤ እኔን አርግዛ ተርባይን ገጣጥማለች።
ወንዶቹ ደመወዝ ወዳለበት፣ ወደ ንግዱ ሄዱ፤
ቤተ ሙከራውን ለሴት ትተውት፣ ከነብርዱ።»

ማህሩክ ከሺራዝ ሳቀች፦ «እኛ ሠላሳ ነበርን፤
ሃያ አንዳችን ልጃገረድ። ሒሳቡን ማን ከለከለን?
የከለከሉን ወንበሩን።»

ፌና ከፍሪስላንድ ዝም ብላ ዳቦ ትቆርሳለች፤
ከአርባ ወንድ መሀል እሷ አንዷ ነበረች።
«መምህሬ ደግ ሰው ነው» አለች ኋላ፣ «አልተቆጣኝም፤
‹ቋንቋ ይሻልሻል› አለኝ። ያ ደግነቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።»

ገረመኝ፤ ያው አንዱ ቀመር፣ ኬላ በተሻገረ ቁጥር
ፆታው ይመነዘራል፣ እንደ ሌቭ፣ እንደ ሪያል፣ እንደ ብር።

«አንቺስ?» አሉኝ።
ደሴ። ዘጠነኛ ክፍል። ጋሽ ይመኑ ሰሌዳው ሥር፤
ፓራቦላውን ስዬ ስጨርስ ጠመኔውን ወርውሮ በአየር
«አያችኋት?» አለ ለክፍሉ፤ «አያችኋት? ወንድ ናት!»
ሠላሳ ስምንት ወንድ ሳቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ መሰለኝ ሽልማት።

አባቴ ማታ ካርዴን አየው፣ ከአምፖሉ አስጠግቶ፤
«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለና
ሰቀለው፣ በአራት ምስማር፣ ግድግዳው ላይ መትቶ።

ለሦስቱ ልተረጉም ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም ነገሩ፤
ስሙ ወንድ፣ ማሰሪያው ሴት፤ እንዴት ይጣመሩ?
እኩልታ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ይመኑ በቀይ ይሰርዘው ነበር፤
ግራው ከቀኙ አይገጥምም። ግን አገር አመነበት፣ ያለ ማስረጃ፣ ያለ ቀመር።

ከምሳ በኋላ ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ገመዱን ጨብጬ፤
አንድ ፕሮፌሰር ባርኔጣውን ሲያሳድድ አየሁት፤ ሳቅኩ፣ ደንግጬ።

ማታ የአከራዬ የልጅ ልጅ፣ ሊቪያ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለች፤ ረጥቧል ኮቷ።
«ይሄ የሴት ጭንቅላት አይደለም» አለች፣ ሳታፍር፣
እንደ ባቡር ሰዓት፣ እንደ ዝናብ ወሬ፣ እንደ ተራ ነገር።
አልተከራከርኳትም። «ኤክስን ለብቻዋ አውጫት» አልኩ። ሰረዘች፤ ደገመች፤
ላጲሱ አለቀ፤ ቦራ በሩን አንኳኳች፤
የእርሳሷን ጫፍ ነከሰች፤ ተሳደበች መሰለኝ፤
ድንገት ኤክስ ብቻዋን፣ ንጹሕ ሆና፣ ከመስመሩ ወጣች።

ምላሴ ቸኮለ። በአማርኛ፣ ሳላስበው፣ ከጥርሴ ሥር ደረሰ
ያ የጋሽ ይመኑ ሽልማት፣ ሃያ ዓመት ያልበሰበሰ፦
«ወንድ...»

ነከስኩት።

«ጎበዝ» ልበል? እሱም ድሮ ጦር የሚያነሳ ጎረምሳ ነው።
«አንበሳ» ልበል? ጎፈሩ የማን ነው?
ቋንቋዬን እንደ ኪስ በረበርኩት፤ ሳንቲሙ ሁሉ አንድ መልክ፤
ከታች፣ ከስፌቱ ሥር፣ አንዲት ቃል ዳሰስኩ፦ ልክ።
ብረት የምንለካባት፣ ብርሃን የምንለካባት፤
ማንም ለማንም ያላወረሳት።

«ልክ ነሽ» አልኳት። አልገባትም።
እየሳቀች፣ ዓይኔን እያየች፣ «ልክ ነሽ» ብላ መለሰችልኝ፤
አላረምኳትም።