ጠርሙሱ ይመለሳል

ቡራዩን አለፍ ብሎ፣ ገፈርሳ ሳይደረስ፣
አጣና ጫፍ ላይ የተደፋ ጠርሙስ።
ታፔላ ነው እሱ፣ ፊደል የሌለበት፣
የተማረም ያልተማረም እኩል አንብቦ የሚገባበት።

እትዬ ሽታዬ በርጩማዋ ላይ ሆና፣
የሻንጣዬን ጎማ አይታ፣ ወደ ፊቴ ቀና፣
«የምን ሰው ነህ?» አለች። «የመርከብ» አልኳት።
ማጥለያው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቅ አፈናት።
«በየት በኩል መጣ? በኮልፌ? በአስኮ?
ምነው ልጄ፣ ገና አልቀመስክም እኮ!»

ምን ብዬ ላስረዳት?
ከተማ የሚያህል ነጭ መርከብ እንዳለ፣
ሰው ለመድረስ ሳይሆን ለመሄድ ብቻ የሚሄድበት፣
እኔም ዘጠነኛው ደርብ ላይ ስምንት ዓመት አልጋ እንዳነጠፍኩበት፣
ከፎጣ ዝሆን፣ ዳክዬ፣ ጦጣ እየሠራሁ፣
«ዳም» ተብዬ እንደምጠራ፣
ዳምጠው ረዝሞባቸው።

ማለዳ ደሴት ላይ መልሕቅ ሲጣል
የሽርሽሩ ሰው በቁምጣ፣ በገለባ ባርኔጣ ይጎርፋል።
«የአገሬውን!» ነው ጩኸቱ፣ «ፋብሪካ ያልነካውን፣
ሽማግሌው በጣቱ የጠቀለለውን፣
አያቱ በርሜል ውስጥ ረስቶት የሞተውን!»
ማታ ሲመለሱ ደረጃው ሥር ቆሜ እቀበላለሁ፤
ሲጋሩ በሣጥን፣ እንደ ሕፃን ተኝቶ፣
ሩሙ በጋዜጣ፣ እንደ ምስጢር ተሸፍኖ።
አሸታለሁ እንጂ አልቀምስም። ደንብ ነው።
አንዲት አሮጊት ግን፣ ቦርሳዋን ስሸከም፣
«በእናንተስ አገር፣ ዳም፣ መንገደኛ ምን ይገዛል?» አለችኝ።
ዝም አልኩ።
እስካሁን ዝም እንዳልኩ ነኝ።

ከመርከቡ ሆድ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ የሠራተኛ ማዕድ ነበረን፤
ፊሊፒኖው የኮኮነቱን፣ ሰርቡ የፕሪሙን፣
ሁሉም የአባቱን እሳት በጠርሙስ ያመጣል።
እኔ ብርጭቆ አመጣለሁ።
«ባሕር የሌለው ሰው ምን አለው?» ይላል ሰርቡ፣ ለጨዋታ።
ጨዋታ ነው። ግን ስምንት ዓመት።

ትምባሆውን ከኦቦ ጉርሜሳ ገዛሁ፣ ከገበያው ጫፍ፣
እንደ ገመድ የተገመደውን።
ቆርጦ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀኝ፣ ዓይኑን አጥብቦ፤
«ለላምህ አፍንጫ ነው? አልቅት ገብቶባት?»
«ለካፒቴን» አልኩት።
«እሱም አልቅት ካለበት፣ በውሃ በጥብጠህ ጨምርበት።»

እትዬ ሽታዬ ዳገሙን በማንኪያ ፍም ላይ ጣል አደረገች፤
ሰማያዊ ነበልባል ብድግ አለ።
«አየኸው? ውሃ አላየም።»
ቀመስኩ። ጉሮሮዬ የአምቦ መንገድ ሆነ፣
ጠጠር የጫነ ሲኖ አለፈበት።

ከዚያ ጠርሙስ አነሳች፣ አጥባ ካደረቀችው ረድፍ፤
ዓይኔ ተተከለ፣
ግማሹ የተላጠ ወረቀት፣ ሸራዋን የወጠረች መርከብ፣
ከሥሯም የደሴቲቱ ስም።
ያው ሩም!
እነዚህ እጆቼ ስንት ጊዜ የተሸከሙት።
«ይሄ ከየት መጣ?»
«ከቆራሌው ነዋ» አለች፣
«ሆቴሉ ጠጥቶ ይጥላል፣ ቆራሌው ይለቅማል፣ እኔ አጥባለሁ።»
ለካ ቀድሞኝ ገብቷል፣ ያለ ፓስፖርት፣
ያለ ወደብ፣ በማዳበሪያ ከረጢት።

ሂሳብ ከፈልኩ። ልወጣ ስል ክንዴን ያዘች።
«ጠርሙሱ ይመለሳል።»
«እትዬ፣ ባሕር ማዶ ነው የምሄደው።»
«ቢሆንስ? ባሕር ጠርሙስ ይበላል?»
«የጠርሙሱን ብር ልክፈልሽ።»
«ብር ውስጥ አረቄ አይቀዳም።»

ከሰል አነሳች። ግድግዳዋ ላይ፣
ከጠጠር ጫኙ በታች፣ ከዘበኛው በላይ፣
ሙሉ ስሜን ጠይቃ፣ ቀስ ብላ፣ ጻፈችኝ፤
«ዳምጠው። የመርከቡ። አንድ ጠርሙስ።»

ፊደሏ ጠማማ ነው። ይነበባል።