ትንሿ ጣት

ኮምቦልቻ ሲነጋ እኔ እጋደማለሁ፣
መጋረጃ ስቤ ሌሊት እሠራለሁ።
የጥጥ ብናኝ አለ ቅንድቤ ጫፍ ላይ፣
በጀርባ ተንጋልዬ ቆርቆሮውን ሳይ
እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ ነቃሁ።
ነቃሁ?
ከቦርከና ማዶ ከባድ መኪና ሲያቃስት ሰማሁ፣
የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ዝናብ ሲያወራ ሰማሁ፤
ምስማሩ ላይ ሸሚዜን አየሁ፤
ከሸሚዜ ጀርባ
አንድ የቆመ ነገር።

ሰው እንዳልለው ፊት የለው፤
ጥላ እንዳልለው ክብደት አለው።
አልጋው ሰመጥ አለ በግራ ጎኔ በኩል፣
ደረቴ ላይ ወጣ ያልተፈታ ኩንታል።
"አራጋው!" ልል ነበር፤ አልጋው አጠገቤ ነበረ፣
ስሙ ምላሴ ሥር ድንጋይ ሆኖ ቀረ።
እጄን አዘዝኩት፤ የሌላ ሰው እጅ።
እግሬን ለመንኩት፤ የመንደር ልጅ፣
ሲጠሩት እየሰማ የማይመጣ።

ያከራየችን እትዬ ጦይባ፣ ነገሩን ስነግራት፣
አላለችም ምንም፤ ገባች ወደ ውስጥ ቤት፣
ቢላ ይዛ ወጣች፣ እጀታው የላላ፣
ትራሴ ሥር ሸጎጠችው፣ "ቢስሚላ" ብላ።
"ዱካክ ነው ልጄ፤ ብረት ይፈራል።"
አራት ቀን ቀረ። እኔም እውነትም ይፈራል አልኩ።
በአምስተኛው ቀን ግን ኩንታሉ ሲጫነኝ፣
ቢላው ከትራስ ሥር ሽባ እንደ እኔ ሆነኝ።

የፋብሪካው ክሊኒክ ሄድኩ።
ሲስተር የሺመቤት አልሳቀችብኝም።
"መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይቀድማል?" አለች።
"አምፖሉ።"
"ማሽኑስ?"
"ይዘገያል፤ ሰው ሄዶ ካላስነሳው።"
"እንዲያ ነው። በሕልምህ ስትሮጥ ከአልጋ እንዳትወድቅ
ሰውነት ራሱን አስሮ ነው የሚተኛው።
አንዳንዴ ዓይን ቀድሞ ይበራል፣
ገመዱ ሳይፈታ፣ ሕልሙም ሳይጠፋ፤
የተረፈው ሕልም ነው ከሸሚዝህ ጀርባ የሚቆመው።
ፈረቃ ሲለዋወጥ፣ እንቅልፍ ሲጎድል ይበዛል።
በጎንህ ተኛ።
ሲመጣ ግን አትታገለው፤
ትንፋሽህን አላሰረም፣ እሱን ቁጠር።
ከዚያ እጅህን ተወው፣ እግርህን ተወው፤
ትንሿን ጣት ብቻ፣
እሷን ለምናት።"

ለመንኳት።
ኩንታሉ ከነክብደቱ መጥቶ፣
ትንፋሼን አራት ቆጥሬ፣ አምስት ቆጥሬ፣
የግራ እግሬ ትንሿ ጣት
ብርድ ልብሱን ነካች።
ያን ያህል ብቻ። እንደ ጉንዳን።
ቤቱም በሙሉ ተመለሰ፤
ሸሚዙ ሸሚዝ ሆነ፣ አራጋው ያንኮራፋል።

ቢላውን ልመልስ ሄድኩ።
የሲስተሯን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት፣
ስለ አምፖል፣ ስለ ማሽን፣ ስለ ትንሿ ጣት።
እትዬ ጦይባ ዝም አለች፤
እጀታውን በአውራ ጣቷ እያሻሸች
"ከእኔው ትራስ ሥር ነበር" አለች።
"ባሌ ከሞተ ወዲህ
ሱብሂ ሰግጄ ጋደም ስል ይመጣል።
ዐሥራ አንድ ዓመት። ለማን ይነገራል?"

ቢላው ያለ አልጋ ቀረ፣ መስኮቱ ላይ።

አሁን ከፈረቃ ስገባ
ጫማዬን ሳላወልቅ
ጆሮዬን ከጭቃው ግድግዳ አስጠጋለሁ።
ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ እንደታሰረ ሰው ስታቃስት፣
በጣቴ ሦስት ጊዜ ቋ ቋ ቋ አደርጋለሁ።
ዝም።
እደግማለሁ።
ከዚያ ከወዲያ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣
ከእግሯ በኩል ይመስለኛል፣
አንዲት ትንሽ ኮሽታ።